ሎስ አንጀለስ ወደ በረሃው ስትመደብ

ከበረዶ ሆኪ ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሕጉን ግን ዛሬም አላውቀውም። እኔ የማውቀው ተጫዋቾቹን ነው፤ እነሱንም በአውቶቡሴ መስታወት ውስጥ። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ልምምድ፣ ከልምምድ ተመልሶ ወደ ሆቴል፣ ማታ ወደ ጨዋታ፣ በማግስቱ ወደ ኤርፖርት። አንድ እንግዳ ቡድን ሲመጣ ሦስት ቀን ሙሉ የኔ ነው። ሲያሸንፉ ጣሪያውን ይደበድባሉ፤ ሲሸነፉ እግራቸውን ወንበሬ ላይ ሰቅለው ያኮርፋሉ። ሻንጣቸው እንደምን እንደሚሸት ያሸተተ ያውቀዋል። አንድ ቀን እንኳ አፍንጫዬን ይዤ አላውቅም። ይህንን ግን ማን ይቆጥርልሃል?

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስረዳ። ሊጉ ቡድኖቹን በሁለት ከፍሎ ነው የሚያጫውተው፤ ክፍሉን ዲቪዥን ይሉታል። በአንድ ዲቪዥን ያሉት እርስ በርሳቸው ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ በዓመት አራት ጊዜ ይመጣል። ከሌላው ዲቪዥን የሆነ ግን በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ይጠፋል። የኛዋ ሎስ አንጀለስ "ፓስፊክ" የሚባለው ውስጥ ነበረች፤ ከሳክራሜንቶ፣ ከዩጂን፣ ከታኮማና ከስፖኬን ጋር። አራት ቡድን አራት አራት ጊዜ ሲመጣ አሥራ ስድስት ጉዞ ነው። እሱ የኔ ነበር። በአውቶቡስ ድርጅታችን ውስጥ በሲኒየሪቲ፣ በሥራ ዘመን ማለት ነው፣ አንደኛ ስለሆንኩ ቀድሜ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሹፌር ፍሬው "ዴዘርት" የሚባለው፣ የበረሃው ማለት ነው፣ ደረሰው፤ ኤል ፓሶ፣ አልበከርኪ፣ ሬኖና ሶልት ሌክ። እነሱ በዓመት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመጡ ከአራት ጉዞ አያልፍም። የቀረውን ሰዓቱን በሠርግና በቱሪስት ይሞላዋል።

ፍሬውን ድርጅቱ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሲመጣ የሰው መኪና ፓርክ ከማድረግ በቀር ምንም አያውቅም ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባዶ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ኮን እየደረደርኩ፣ ያን የሚያህል አውቶቡስ ወደ ኋላ መንዳት አስተማርኩት። ሲያገባ ጠራኝ። የት እንዳስቀመጠኝ ታውቃላችሁ? ወጥ ቤቱ በር ሥር፣ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ፣ ከቪዲዮ አንሺው ካርቶኖች ጋር። ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት የተቀመጠው ማን ነበር? ጉዞ የሚመድብልን ዲስፓቸራችን! ትናንት የተዋወቀው ፈረንጅ! ቁርጡ ሳይቀርብ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ማደሪያው ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ በጭንቅላት ነው የምንግባባው።

እንግዲህ ኦገስት መጨረሻ ላይ ዲስፓቸሩ ሁለታችንን ጠራና ሊጉ ዲቪዥኖቹን እንደገና ሊያደላድል ነው አለን። ቪክቶሪያ ከምትባል የካናዳ ከተማ አንድ አዲስ ቡድን ገብቷል። አዲሱ ሲጨመር ፓስፊክ ስድስት ሊሆን ነው፤ ዴዘርት አራት። ስለዚህ አምስት አምስት እንዲሆን አንድ ቡድን ከፓስፊክ ወጥቶ በረሃው ይገባል።

"ማነው የሚወጣው?" አልኩት።

"ሎስ አንጀለስ" አለኝ።

ስቄ ነበር። ቀልድ መስሎኝ። ውቅያኖሱ ያለው እኮ እዚህ ነው! ስፖኬን ከባሕር የስድስት ሰዓት መንገድ ርቃ ፓስፊክ ስትባል፣ ሳንታ ሞኒካ ላይ እግሯን ውኃ ውስጥ የነከረችዋ ሎስ አንጀለስ በረሃ ትባላለች? ዲስፓቸሩ ትከሻውን ነቀነቀ። ሊጉ ወሰነ፤ በቃ።

ሒሳቡን መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ሠራሁት። ከእንግዲህ አራት አራት ጊዜ የሚመጡት የፍሬው ቡድኖች ናቸው፤ አሥራ ስድስት ጉዞ። የኔዎቹ አምስት ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ፤ አምስት ጉዞ። ዲስፓቸሩ ደግሞ ሊለየኝ ሲል አንድ ነገር ጣል አድርጎብኛል፦ "ጊዛው፣ ከአሥራ አምስት ጉዞ በታች ከሆንክ፣ ሠርጉና ቱሪስቱ ተደምሮም ዘንድሮ በሳምንት ሠላሳ ሰዓት አትሞላም። ሠላሳ ካልሞላህ የጤና ኢንሹራንሱ ይቆማል። የጉዞ መመደቢያ ሺቱን የምዘጋው በሚቀጥለው ወር፣ ሁለተኛው ዓርብ ላይ ነው።" ስሜ ግዛው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አስተካክሎ ጠርቶት አያውቅም።

ኢንሹራንሱ ለኔ አይደለም። እኔ ምን እሆናለሁ። ለካሰች ነው፣ ለሚስቴ። በሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቷል፤ የቀኙ ጭራሽ ጋርዷታል። ኦፕሬሽኑ ለጃንዋሪ አሥራ አራት ተቀጥሯል። ሚድ ሲቲ ባለው አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋለች፣ የሰፋውን ታጠብባለች፣ ጥበብ ትገጥማለች። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼ፣ ስፖንጅ ላይ ሰክቼላት ነው የምወጣው። ይህንን ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም። ደንበኞቿ ዓይኗ እንደደከመ የሰሙ ቀን ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሌላ ጋ ይሄዳሉ። "ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" ብላ አስምላኛለች።

ሁለት ሳምንት ታምሼ ቆየሁ። ካሰች ሲሰለቻት፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ሰው ለሚያስታርቁት ለእትዬ አምሳለ ደወለችላቸው። ስለ ዓይኗ አልነገረቻቸውም፤ እኔና ፍሬው በሥራ ተጣልተናልና ሽማግሌ ይግባበት ነው ያለችው። እትዬ አምሳለ ለጋሼ ተስፋሁን ደወሉ። ጋሼ ተስፋሁን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ከሆኪ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር ውኃቸው ውስጥ የሚጨምሩት በረዶ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ከምሳ በኋላ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ የወሰንየለሽ ምግብ ቤት ተሰበሰብን። ፍሬው ቀድሞ ደርሶ ሽማግሌዎቹን ወንበር ስቦ አስቀምጧል። አስመሳይ።

"በሉ፣ መጀመሪያ ዋስ ጥሩ" አሉ ጋሼ ተስፋሁን። "የፈረድነውን አልቀበልም ብላችሁ እንዳትፈረጥጡ።"

ፍሬው ስልኩን አወጣ፤ ለክርስትና አባቱ ደወለና ድምፁን ከፈተው። ፍሬው ነገሩን ሳይጨርስ ነው ሰውዬው "እኔ አለሁ፣ እኔ አለሁ" ያሉት።

"አንተስ?" አሉኝ።

የፌርፋክስን መንገድ በሐሳቤ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። ፀጉር ቆራጩ? ተራዬን ለሌላ ሰጥቶብኝ ከተኳረፍን ዓመት አልፎናል። ባለ ግሮሰሪው? የተበላሸ ቅቤ ሸጦልኝ አልመልስም ያለ ሰው ነው። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ? ስሜን ከአባላት ዝርዝር ላይ "ረስቶ" ያስቀረ። አንድ እንኳ የሚሆን ሰው አጣሁ።

"ካሰች ትሁነኛ" አልኩ።

"ሚስት ዋስ አትሆንም" አሉ እትዬ አምሳለ። "አብራህ ብትጠፋስ?"

ወሰንየለሽ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ሆና "እኔ ዋሱ ነኝ!" አለች። "ብቻ ቶሎ ጨርሱና ጠረጴዛዬን ልቀቁልኝ፤ ለአሥራ አንድ ሰዓት የተያዘ ነው።"

እንደዚያ ሆኖ ተጀመረ።

"ጋሼ ግዛው፣ አንተ ቅደም፣ ታላቅ ነህ" አለኝ ፍሬው። አንተ! ጋሼ ብሎኝ አንተ ይለኛል። ዋጥኩት።

ከላይ ለእናንተ እንደነገርኳችሁ አድርጌ አስረዳሁ። ጋሼ ተስፋሁን ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ስጨርስ ገለጡት።

"መልካም። አሁን ነገሩን ከሥሩ አምጣው። ሎስ አንጀለስን ከነስፖኬን ጋር ምን አጣላት?"

"አልተጣሉም ጋሼ።"

"ሳይጣሉ ነው የተለያዩት?"

"ሊጉ ነው የለያቸው።"

"ሊጉ የማን ወገን ነው?"

"የማንም አይደለም። የሁሉም የበላይ ነው።"

"አሃ!" ወደ እትዬ አምሳለ ዞሩ። "በመሃል የገባ አለ።"

"ስንት ዓመት አብረው ኖሩ?" አሉ እትዬ አምሳለ።

"ስፖኬን ሁለት ዓመቷ ነው። ከሌሎቹ ጋር ዘጠኝ ዓመት።"

"ዘጠኝ ዓመት! ታዲያ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማን ነበር የሚያሸንፈው?"

"እኔ ምኑን አውቄ እትዬ? እኔ ውጭ አውቶቡሱ ውስጥ ነኝ።"

"በዳይና ተበዳይ ሳይለይ እንዴት ይፈረዳል?"

ፍሬው ጣልቃ ገባ። "ሎስ አንጀለስ ናት የምትሸነፈው እትዬ። አምና ስድስት ለዜሮ ሁሉ ገብቶባታል።"

"ይኸውላችሁ!" እትዬ አምሳለ ጭናቸውን መቱ። "ልጅቷ ተበድላ ነው የወጣችው። ወድዳ በረሃ አልገባችም።"

"እትዬ፣ ልጅቷ ማን ናት?" አልኩ። ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሏል። "እኛ የመጣነው በእኔና በዚህ ልጅ ጉዳይ ነው! ሎስ አንጀለስ ምን አገባት?"

"ረጋ በል" አሉ ጋሼ ተስፋሁን። "የእናንተ ጠብ የመጣው ከነሱ ጠብ ነው። እነሱ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ እናንተ ምን ያጣላችኋል? ስለዚህ መጀመሪያ ለሊጉ ሽማግሌ ይላካል።"

"ለሊጉ?"

"ደብዳቤ እንጽፋለን። አምሳለ፣ ወረቀት አለሽ?"

ነበራቸው። ከቦርሳቸው የቤተክርስቲያን ፖስታ አውጥተው ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ወሰንየለሽ ከወዲያ ሆና "'ለተከበሩ' ብላችሁ ጀምሩት፣ ፈረንጅ ክብር ይወዳል" አለች። ፍሬው አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ነው። እኔ ደሜ ጆሮዬ ላይ ወጥቷል።

"ጋሼ" አልኩ "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሊጉ እኮ ዴንቨር ነው ያለው። ደብዳቤው ሳይደርስ ሺቱ ይዘጋል። ዓርብ ነው ዴድላይኑ! የዛሬ ሦስት ቀን!"

"በአንድ ቀጠሮ ያለቀ ሽምግልና ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ግን—"

"እኔም አላውቅም። ሐሙስ በዚሁ ሰዓት እንገናኝ።" ተነሡ። ከዘራቸውን ፍሬው አቀበላቸው።

ረቡዕን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔና ፍሪዌዩ እናውቃለን። የቱሪስት ጉዞ ነበረኝ፤ ሁለት ጊዜ መውጫዬን ስቼ አልፌዋለሁ፤ በአሥራ አራት ዓመት ያልሆነ።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ተስፋሁን ደብዳቤውን በልጅ ልጃቸው አስተርጉመው በኢሜይል ልከውት መጡ። መልስ አልመጣም። "ሥራ በዝቶበት ይሆናል" አሉ፤ "እኛ የእኛን እንቀጥል። ፍሬው፣ ያንተን ቃል እንስማ።"

ፍሬው ብዙ አላወራም። ስልኩን ከፍቶ አንድ ፎቶ አሳያቸው። "ሶ፣ ይሄ ዲስፓቹ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።"

ይህንን እስካሁን ሳልነግራችሁ የቆየሁት ረስቼው አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ስፖኬን አዲስ ሊጉ ውስጥ ስትገባ ፓስፊክ ተመደበች። ፍሬው ደግሞ ለሙከራ ጨዋታ ሲመጡ እሱ ድራይቭ አድርጓቸው ነበርና "ለኔ ትሁን፣ አውቃቸዋለሁ" አለ። የሠርጉ ነገር ገና ትኩስ ነው። የሠላሳ ሰዓቱ ደንብ ያኔ ስላልነበረ አንድ ቡድን ቢሄድብኝ ምንም አልጎዳም ነበር፤ ግን አልሰጠውም ብዬ ለዲስፓቸሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ናት እንግሊዝኛውን ያቃናችልኝ። "ሹፌር የሚፈርመው ለዲቪዥን ነው፣ ለቡድን አይደለም። ቡድን ይውጣ ይግባ፣ ዲቪዥኑ የፈረመው ሰው ነው፤ ማንም ሊነካው አይችልም።" ዲስፓቸሩ ወደደው። ከራስ ምታት ያድነኛል ብሎ ደንብ አደረገውና ከነፊርማዬ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እኔም ኮርቼበት ነበር።

ጋሼ ተስፋሁን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። ፍሬው ቃል በቃል ተረጎመላቸው። ሲጨርስ እኔን አዩኝ።

"ይሄ ፊርማ የማነው?"

"የኔ ነው።"

"ተገድደህ ነው የፈረምከው?"

"አይደለም።"

"ሰክረህ ነበር?" አሉ እትዬ አምሳለ፤ ሊረዱኝ ፈልገው ይመስለኛል።

"ጾም ነበር እትዬ።"

ወሰንየለሽ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ "ዋስነቴን መሳብ ይቻላል?" አለች። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ግን እስካሁን አልረሳሁላትም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ መስኮቱ ሄደው ተንሾካሾኩ። እኔና ፍሬው ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተፋጥጠን ቀረን። ከሠርጉ ወዲህ እንደዚያ ተቀራርበን ተቀምጠን አናውቅም።

"ለአንድ ቡድን ብለህ ነው ያን ደብዳቤ የጻፍከው?" አለኝ።

"ወጥ ቤት በር ላይ ስለተቀመጥኩ ነው።"

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ አፉን ከፈተ። "ሠርጌ ላይ? ጋሼ፣ ወንበሩን ያደለደሉት አማቴ፣ የሄራን እናት ናቸው! እኔ የራሴን ወንበር እንኳ አልመረጥኩም። ሳትበላ ስትወጣ አይቼ ታሞ ይሆናል ብዬ ሦስት ቀን ደውያለሁ፤ አላነሣ አልክ።"

ደውሎ ነበር። አላነሣሁም። ግን ሰው ስልክ አላነሣም ሲሉት ቤት ድረስ አይመጣም? በር የለኝም? ይህንን ልለው ስል ሽማግሌዎቹ ተመለሱ።

"ተነሡ" አሉ ጋሼ ተስፋሁን። ተነሣን። "ወረቀቱ የፍሬውን እውነት ያሳያል። ወረቀት ግን አውቶቡስ መንዳት አላስተማረውም፤ ያስተማረው ግዛው ነው። ስለዚህ የበረሃው አራት ቡድኖች ሁለት ሁለት ይካፈሉ። የባሕሩ እንዳሉ ለግዛው ይሁኑ። ግዛው ደግሞ ያንን ደብዳቤ በደብዳቤ ይሻር። ፍሬው፣ ትቀበላለህ?"

"እሺ" አለ። "ለሽምግልናችሁ ስል እሺ።"

"ተባረክ!" እትዬ አምሳለ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጋሼ ተስፋሁንም ከዘራቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው መዳፋቸውን ከፈቱ። ምርቃቱ ተጀመረ። "ቂም በቀሉን ያንሣላችሁ!" "አሜን" አለ ፍሬው። "ሥራችሁን ይባርክ!" "አሜን" አለች ወሰንየለሽ ሳህን እየጠረገች። "የበረሃውንም የባሕሩንም ያስማማ!" "አሜን።"

እኔ አሜን አላልኩም። እየቆጠርኩ ነበር። ሁለት የበረሃ ቡድን አራት አራት ጊዜ፤ ስምንት። አምስት የባሕር ቡድን አንድ አንድ ጊዜ፤ አምስት። አሥራ ሦስት። ሁለት ይጎድላል። በአሥራ አምስት ፋንታ አሥራ ሦስት ይዤ፣ ተመርቄ፣ ታርቄ፣ ኢንሹራንሱ ሊቆም ነው። ካሰች በጃንዋሪ አሥራ አራት ቤቷ ልትቀመጥ ነው።

"አይበቃም" አልኩ።

ጋሼ ተስፋሁን እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

"ምን አልክ?"

"አሥራ አምስት ጉዞ ነው የሚያስፈልገኝ። ይሄ አሥራ ሦስት ነው። አንድ የበረሃ ቡድን ይጨመርልኝ።"

"ሰውዬ!" እትዬ አምሳለ ነጠላቸውን አጣፉ። "ምርቃት መሃል? የፈረምክበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እያለ ግማሹን አገኘህ፤ ሦስት አራተኛ ልትል ነው?"

"ስግብግብነት ነው ይሄ" አሉ ጋሼ ተስፋሁን። በዚያ ዕድሜያቸው ሲቆጡ አላየሁም ነበር። "ሽማግሌ ታዋርዳለህ?"

ፍሬው ደግሞ ስልኩን ኪሱ እየከተተ "ይኸው አሁን ገባችሁ? ይህን ያህል ዓመት እንዲህ ነው" አለ።

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ ትቼ መውጣት ነበር የፈለግሁት። ኮቴ ወንበሩ ላይ ነው፤ በሩ አራት እርምጃ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እንዲያ ሲያደርጉኝ እንዲያ ነው የወጣሁት። እግሬ ራሱ መንገዱን ለምዶታል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ላይ ሰው አለ፤ አንደኛዋ ሴትዮ ካሰች ጋ ቀሚስ የምታሰፋ ናት፤ ጆሮዋን ወደኛ አቅንታ ሹካዋን ይዛ ቀርታለች።

"ካሰች ማየት አቅቷታል" አልኩ።

እትዬ አምሳለ ነጠላቸውን ለቀቁት።

"ሁለቱም ዓይኗ። ሞራ ነው። ጃንዋሪ ኦፕሬሽን አለባት። ሠላሳ ሰዓት ካልሞላሁ ኢንሹራንስ የለም፣ ኢንሹራንስ ከሌለ ኦፕሬሽን የለም። መርፌ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። በቃ፤ ይኸው ነው። ስግብግብ ካላችሁኝ በሉኝ።"

"ውይ ካሰች!" አሉ እትዬ አምሳለ። "በስልክ ምንም አላለችኝም እኮ!"

"ለማንም እንዳትነግር ብላኛለች። እኔም ይኸው ለመላው ፌርፋክስ ነገርኩ።"

ወደ ፍሬው ዞርኩ። በቁጣ ነው የዞርኩት፤ ሌላ መዞር አላውቅም። "ሶልት ሌክን ጨምርልኝ" አልኩት። "እባክህ።"

ፍሬው አየኝ። ከዚያ እንደ መናደድ አለ፤ እውነተኛ ንዴት። "ይህን ለማለት ዋስ መጥራት ነበረብን? ለሊጉ ደብዳቤ መጻፍ ነበረብን? እኔ በሄራን ሥራ ኢንሹራንስ አለኝ! የሠርግ ሥራ ቅዳሜና እሑድ ልጄን እንዳላይ ስላደረገኝ ነው በረሃውን የፈለግሁት። ሶልት ሌክን ውሰድ። አልበከርኪንም ውሰድ፣ ሬኖንም። ኤል ፓሶን ተውልኝ፤ አሠልጣኙ ጓደኛዬ ነው። ከባሕሩ ሁለት ስጠኝና እንለያይ።"

በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስት የበረሃ ቡድን አራት አራት ጊዜ፤ አሥራ ሁለት፣ ከባሕሩ ሦስት። አሥራ አምስት። ልክ።

"ስፖኬንን ውሰድ" አልኩት። "ቪክቶሪያንም።"

"ስፖኬንን!" አለ። "አሁን?"

"በሉ አሜን በሉ፣ እጄ ደከመ" አሉ ጋሼ ተስፋሁን።

አሜን አልኩ። ፍሬው እዚያው ቆሞ የመሻሪያውን ደብዳቤ በስልኩ ጻፈ፤ አነበበልኝ፤ በጣቴ ስክሪኑ ላይ ፈረምኩ። ፊርማዬ የዶሮ እግር መሰለ። ለዲስፓቸሩ ልኮት ከወሰንየለሽ ጠረጴዛ ሳንነሣ መልስ መጣ፦ "ኦኬ። ሺቱ ላይ አስገብቼዋለሁ።" ኦኬ! ሦስት ሳምንት ያቃጠለኝ ነገር በአንድ ኦኬ። ያች ሴትዮ ደግሞ ከመውጣቷ በፊት መጥታ "ጋሼ ግዛው፣ ለካሰች ቀሚሱ አይቸኩልም በላት፣ እስክትድን እጠብቃለሁ" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

መኪናዬን ይዤ ወጣሁና ፒኮ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘኝ ለካሰች ደወልኩ።

"ምን አሉ?" አለች።

"አሥራ አምስት ሆነ።"

"እንዴት ሆነ?"

"ነገርኳቸው። ስለ ዓይንሽ።"

የስፌት መኪናዋ ሲቆም ሰማሁት። ትቆጣለች ብዬ መሪውን ጨብጬ ጠበቅሁ።

"ፍሬው ምን አለ?"

"እሺ አለ። ከጠየቅሁት በላይ ሰጠኝ።"

"ስንት ጊዜ ጠየቅኸው?"

"አንዴ።"

"አንዴ" አለች። "ግዛው፣ ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ አንተም ሳትተኛ እኔንም ያላስተኛኸኝ?"

ፒኮ ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኖሯል፤ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን አንባረቀብኝ። መስኮቱን አውርጄ የልቤን ሁሉ ነገርኩት።